ያለ ነዳጅ የሚዞር መንኮራኩር፦ የስምንት መቶ ዓመት ፍለጋ

በ1775 የፓሪስ ንጉሣዊ የሳይንስ አካዳሚ ከእንግዲህ የማይመረምራቸውን ጉዳዮች ለይቶ ውሳኔ አሳለፈ። ሦስቱ ከጥንት ጀምሮ ሲንከባለሉ የመጡ የጂኦሜትሪ ጥያቄዎች ናቸው። አራተኛው፣ አንድ ጊዜ ከተነሣ በኋላ ማገዶም ሆነ የሰው ጉልበት ሳይሻ ለዘለዓለም ይንቀሳቀሳል፣ በዚያውም ሥራ ይሠራል እየተባለ የሚቀርብለት ማሽን ነው። አካዳሚው ነገሩ ፈጽሞ አይቻልም ብሎ ብቻ አላበቃም፤ ይህ ፍለጋ ቤተሰቦችን እንዳራቆተ፣ ለወገን ብዙ ሊጠቅሙ ይችሉ የነበሩ ባለሙያዎችም ገንዘባቸውን፣ ጊዜያቸውንና ብልሃታቸውን እንደጨረሱበት ጨምሮ አመለከተ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ይህን ውሳኔ እንደ እብሪት የሚያዩት አሉ። ሰው አይበርም የተባለበት ዘመን ነበር፤ ዛሬ ይበራል፤ ታዲያ ይህስ ለምን አይቻልም? ይላሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልስም ይገባዋል። መልሱ ግን ከሕንድ ተነሥቶ በፈረንሳይ፣ በኔዘርላንድስ፣ በጀርመንና በአሜሪካ የሚያልፍ ረጅም ታሪክ ነው። በእኔ እምነት የታሪኩ ዋና ፍሬ የወደቁት ማሽኖች አይደሉም። «አይቻልም» የሚለው ድምዳሜ ራሱ በሊቃውንት እጅ መሣሪያ ሆኖ፣ ማሽኖቹ ሊሠሩት ያልቻሉትን ሥራ መሥራቱ ነው።

ከቀደምቶቹ የጽሑፍ ማስረጃዎች አንዱ የሚገኘው ሕንድ ነው። የሒሳብና የሥነ ፈለክ ሊቁ ባስካራ በ1150 በጻፈው «ሲድሃንታ ሺሮማኒ» ውስጥ በራሱ የሚዞር መንኮራኩር አሠራር አስፍሯል። ከመሃል ወደ ጠርዝ የተዘረጉት ዘንጎች ውስጣቸው ክፍት ነው፤ እስከ ግማሽ ድረስ ባዜቃ ይጨመርባቸዋል። ባዜቃው በአንድ ወገን ወደ ጠርዝ፣ በሌላው ወገን ወደ መሃል ስለሚፈስ መንኮራኩሩ ምንጊዜም ወደ አንድ ጎን ያደላል የሚል ሐሳብ ነው። ከሰማንያ ዓመት ገደማ በኋላ ፈረንሳዊው ቪላር ደ ኦንኩር በሥዕል ደብተሩ ላይ የዚህን መንታ ሳለ፤ በእርሱ መንኮራኩር ጠርዝ ላይ ሰባት መዶሻዎች ተንጠልጥለዋል። በ1269 ደግሞ ፒየር ደ ማሪኩር ስለ ማግኔት በጻፈው ደብዳቤ በማግኔት የሚዞር መንኮራኩር አቀረበ። ዛሬ በስልካችን ላይ «ነፃ ኃይል ይሰጣሉ» እየተባሉ የሚታዩት ማሽኖች አብዛኞቹ የእነዚህ ዘር ናቸው፤ ወይ በክብደት ወይ በማግኔት የሚሠሩ።

የመዶሻው መንኮራኩር ለምን አይዞርም? ሥዕሉን ያየ ሰው በሚወርደው ወገን ያሉት መዶሻዎች ከመሃል ርቀው ተዘርግተው፣ በሚወጣው ወገን ያሉት ደግሞ ተጣጥፈው ያገኛቸዋል። ከመሃል የራቀ ክብደት የበለጠ የማዞር አቅም አለው፤ ይህ እውነት ነው። ዓይን የሚስተው ቁጥሩን ነው። መዶሻዎቹ በሚወርዱበት ወገን ጥቂት፣ በሚወጡበት ወገን ብዙ ይሆናሉ፤ የርቀቱ ብልጫ በብዛቱ ይካካሳል። ከዚህ የጠለቀም ምክንያት አለ። አንድ ዕቃ ዝቅ ሲል ከመሬት ስበት የሚያገኘው ኃይል በከፍታው ልዩነት ብቻ ይወሰናል፤ በጠመዝማዛ መንገድ ቢወርድም በቀጥታ ቢወርድም ለውጥ የለውም። መንኮራኩሩ አንድ ዙር ሲጨርስ እያንዳንዱ መዶሻ ወደ ነበረበት ከፍታ ተመልሷል፤ ሲወርድ የተገኘው ሁሉ ሲወጣ ተከፍሎ አልቋል። ትርፉ ዜሮ ነው። በዚህ ላይ ሰበቃና አየር በመጀመሪያ በእጅ የተሰጠውን ግፊት ቀስ በቀስ ወደ ሙቀት ይለውጡታል። ሰበቃን ፈጽሞ ማጥፋት ቢቻል እንኳ መንኮራኩሩ መዞሩን ይቀጥል ይሆናል እንጂ እህል የሚፈጭበት ትርፍ አይኖረውም።

ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ እንዲህ ያሉ መንኮራኩሮችን ደጋግሞ ሥሎ፣ መርምሮ፣ በመጨረሻ ተስፋ ቆረጠባቸው፤ ፈላጊዎቻቸውንም ከተራ ብረት ወርቅ እናወጣለን ከሚሉት ጋር መደባቸው። ተስፋ መቁረጡን ወደ ዕውቀት የለወጠው ግን የፍላንደርሱ መሐንዲስ ሲሞን ስቴቪን ነው። ይህን ታሪክ በጣም እወደዋለሁ።

ስቴቪን በ1586 ባሳተመው መጽሐፍ እንዲህ ያለ ነገር አሰበ። ሦስት ማዕዘን ያለው ጉብታ አለ፤ አንደኛው ተዳፋቱ ከሌላው እጥፍ ይረዝማል፣ ስለዚህም ለስለስ ያለ ነው። በጉብታው ላይ 14 እኩል ክብደት ያላቸው ኳሶች በእኩል ርቀት የተሰኩበት ክብ ሰንሰለት ይጣላል። በረጅሙ ተዳፋት ላይ 4 ኳሶች፣ በአጭሩና ቀጥ ባለው ላይ 2 ኳሶች ያርፋሉ፤ ስምንቱ ከሥር ይንጠለጠላሉ። አራቱ ሁለቱን ጎትተው ሰንሰለቱን ያንቀሳቅሱት ይሆን? እንበልና ተንቀሳቀሰ። አንዱ ኳስ ሲወርድ ሌላው በቦታው ይተካል፤ አቀማመጡ እንደ መጀመሪያው ነው። ስለዚህ አንድ ጊዜ ከተንቀሳቀሰ መቼም አይቆምም። ይህ ሊሆን አይችልም አለ ስቴቪን፤ እንግዲያው ሰንሰለቱ ከመነሻውም አይንቀሳቀስም። ከሥር የተንጠለጠሉት ስምንቱ ግራና ቀኝ እኩል ስለሚጎትቱ ቢቆረጡ ሚዛኑ አይዛባም። የቀረው በለስላሳው ተዳፋት ላይ ያሉት 4 ኳሶች በቀጥተኛው ላይ ካሉት 2 ኳሶች ጋር እኩል መሆናቸው ነው። በዚህ መንገድ የተዳፋትን ሕግ ያለ አንዳች ሙከራ፣ «ዘለዓለማዊ እንቅስቃሴ የለም» ከሚል አንድ እምነት ብቻ አወጣው። ሥዕሉን በመጽሐፉ የሽፋን ገጽ ላይ ማተሙ አይገርምም።

በሐቅ የሚሠሩ ሰዓቶችም ነበሩ፤ በዚህ ታሪክ ውስጥ ቦታ ይገባቸዋል። ኔዘርላንዳዊው ኮርኔሊስ ድሬበል በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ለእንግሊዙ ንጉሥ ቀዳማዊ ጀምስ ማንም ሳይሞላው የሚንቀሳቀስ መሣሪያ አሳየ። የሚያንቀሳቅሰው የአየሩ ሙቀትና ግፊት መለዋወጥ ነበር። በ1760ዎቹ ለንደን ውስጥ የተሠራው የጀምስ ኮክስ ሰዓትም 68 ኪሎ ግራም ገደማ ባዜቃ ባለበት ባሮሜትር ይሞላ ነበር። በኒውዚላንድ ዱኒዲን ከተማ በ1864 የተሠራው የቤቨርሊ ሰዓት እስከ ዘመናችን በእጅ ሳይሞላ ቆይቷል፤ በቀን ውስጥ የ6 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል የሙቀት ልዩነት ግማሽ ኪሎ የማይሞላ ክብደት ወደ ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ከፍ ያደርግለታል። ኃይሉ የሚመጣው ከፀሐይ ነው። የፀሐይ ሰሌዳም እንዲሁ፤ ብርሃኑ ዋጋ ስለማይከፈልበት ነፃ እንለዋለን እንጂ ምንጩ የታወቀ ነው። የዘለዓለማዊ ማሽን ሰዎች የሚሉት ግን ሌላ ነው፤ ከየትም ያልመጣ ኃይል።

የማያቋርጥ የውሃ ወፍጮ ሐሳብን ደግሞ በ1618 በታተመው የእንግሊዛዊው ሐኪም የሮበርት ፍለድ መጽሐፍ ውስጥ እናገኘዋለን። ከላይ ካለ ገንዳ የሚወርድ ውሃ መዘውሩን ያዞራል፤ መዘውሩ ወፍጮውን ያስፈጫል፤ በዚያው ደግሞ ውሃውን መልሶ ወደ ገንዳው የሚያወጣውን ፓምፕ ያንቀሳቅሳል። ቁጥሩን እንይ። አንድ ሺህ ሊትር ውሃ ከ10 ሜትር ከፍታ ሲወርድ የሚሰጠው 98,000 ጁል ነው፤ ይህም 10 ዋት አምፖል ሦስት ሰዓት ለማይሞላ ጊዜ ያበራል። ያንኑ ውሃ ወደ 10 ሜትር ለመመለስ የሚያስፈልገውም 98,000 ጁል ነው፤ ለወፍጮው የሚተርፍ ጠብታ የለም። መዘውሩ ከመቶ 80፣ ፓምፑ ከመቶ 70 ቢሠሩ ደግሞ ከወረደው ውሃ ተመልሶ የሚወጣው 56 ከመቶ ብቻ ነው። ገንዳው በጥቂት ዙር ይደርቃል። ወንዝ ዳር ያለው ወፍጮ ዓመቱን ሙሉ የሚፈጨው ውሃውን ወደ ደጋው መልሳ የምታወጣው ፀሐይ ስለሆነች ነው።

አሁን ሊቃውንትን ወዳስጨነቀው ሰው እንምጣ። ዮሐን ቤስለር፣ በሌላ ስሙ ኦርፊሬውስ፣ በሳክሶኒ የተወለደ የእጅ ጥበብ ሰው ነበር። የመጀመሪያውን መንኮራኩሩን በ1712 ጌራ በተባለች ከተማ አሳየ። ታላቁ ፈላስፋ ላይብኒትስ ሳይቀር በ1714 ሄዶ አንዱን መንኮራኩር አይቷል። በ1717 የሄሰ ካሰል ገዥ ካርል ማዕረግና መኖሪያ ሰጥቶት በቫይሰንሽታይን ቤተ መንግሥት ውስጥ ትልቁን መንኮራኩር ሠራ፤ ዲያሜትሩ ሦስት ሜትር ተኩል ያህል ነበር። በዚያ ዓመት ኅዳር ወር መንኮራኩሩ እየዞረ ክፍሉ ተቆለፈ፣ በሩም በማኅተም ታሸገ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሲከፈት ይዞራል። እንደገና ታሽጎ በጃንዋሪ 1718 መጀመሪያ ሲከፈት አሁንም ይዞራል።

ቤስለር የውስጡን አሠራር ለሕዝብ አላሳየም፤ መንኮራኩሩ በጨርቅ የተሸፈነ ነበር። ምሥጢሩን ለመግለጥ እጅግ ከፍ ያለ ዋጋ ጠየቀ። በ1721 የላይደኑ ፕሮፌሰር ቪለም ስ ግራቬሳንደ መንኮራኩሩን ከውጭ በጥንቃቄ ፈትሾ የማታለያ ምልክት አላገኘም፤ ለኒውተንም በደብዳቤ አስታወቀ። ቤስለር ግን ምሥጢሬን ሳይከፍል ሊሰርቀኝ ነው ብሎ መንኮራኩሩን ሰባበረው። በ1727 የቤቱ ሠራተኛ የነበረች ሴት መንኮራኩሩ ከጎን ካለ ክፍል በሰው እጅ ይዞር እንደነበር መሰከረች። የዛሬ አድናቂዎቹ ምስክርነቷን አይቀበሉም። እኔ ግን ከምስክርነቷ ይልቅ የሚከብድብኝ ሌላ ነገር ነው፤ ቤስለር መንኮራኩሩን ከሰባበረ በኋላ ከሃያ ዓመት በላይ ኖሮ፣ በ1745 ሲሠራው ከነበረ የነፋስ ወፍጮ ላይ ወድቆ እስኪሞት ድረስ፣ ውስጡ የሚታይ አንድም የሚሠራ መንኮራኩር አልተወም። የታሸገ በር ሰው እንዳይገባ ይከለክላል እንጂ በግድግዳ ውስጥ የሚያልፈውን አያሳይም።

ስ ግራቬሳንደ ራሱ ግን ከዚህ ጉዳይ የበለጠ ስም ያተረፈበትን ሙከራ በዚያው ሰሞን ሠራ። የናስ ኳሶችን ከተለያየ ከፍታ ለስላሳ ሸክላ ላይ እየጣለ ጥልቀታቸውን ለካ፤ ፍጥነቱ ሁለት እጥፍ ሲሆን ጉድጓዱ አራት እጥፍ ይጠልቃል። ፈረንሳዊቷ ኤሚሊ ዱ ሻትሌ ይህን ውጤት በ1740 ባሳተመችው መጽሐፍ ውስጥ አብራርታ አስፋፋችው። የእንቅስቃሴ ኃይል ከፍጥነቱ ካሬ ጋር እንደሚያድግ የምንማረው ትምህርት ከዚህ የመጣ ነው።

አሜሪካ ውስጥ የቻርልስ ሬድሄፈር ማሽን በ1812 ፊላደልፊያን በአድናቆት አጥለቀለቃት። ተመልካች ለመግቢያ እየከፈለ ያየው ነበር። የከተማው መርማሪዎች በተዘጋ መስኮት በኩል ሲመለከቱ፣ አንዱ ይዞት የመጣው ልጁ የማርሽ ጥርሶቹን መፋቅ አስተዋለ፤ ጥርሶቹ የተፋቁት በተቃራኒው ወገን ነበር። ማሽኑ ያዞረዋል የተባለው ዕቃ ራሱ ማሽኑን እያዞረ ነበር ማለት ነው። ሬድሄፈር ወደ ኒውዮርክ ሄደ። በ1813 የእንፋሎት መርከብ መሐንዲሱ ሮበርት ፉልተን ማሽኑን አይቶ ፍጥነቱ ከፍ ዝቅ እንደሚል ሰማ፤ እጅ የሚያዞረው ነገር እንዲህ ነው የሚል ጥርጣሬ አደረበት። ጥቂት ጣውላዎችን ሲነቅል ከአንጀት የተሠራ ቀጭን ጅማት በግድግዳው ውስጥ እየሄደ ጣሪያ ሥር ወዳለ ክፍል ይወስዳል፤ እዚያ አንድ ሽማግሌ ተቀምጦ እጀታ ያዞራል።

አጭበርባሪዎቹ ይህን ሲያደርጉ «አይቻልም» የሚለው የስቴቪን መሣሪያ በሌሎች እጅ ቀጥሎ ነበር። ፈረንሳዊው ወጣት መኮንን ሳዲ ካርኖ በ1824 የእንፋሎት ሞተር እስከ የት ሊሻሻል ይችላል ብሎ ጠየቀ። መልሱን ያገኘው በተመሳሳይ አካሄድ ነው፤ ከፍጹሙ ሞተር የሚበልጥ ሌላ ቢኖር ሁለቱን አጋጥሞ ያለ ወጪ ሥራ ማግኘት ይቻል ነበር፣ ይህም አይቻልም፣ ስለዚህ የሚበልጠው የለም። ሞተሩ በምንም ይሠራ፣ ወሰኑን የሚያኖሩለት የሞቃቱና የቀዝቃዛው ሥፍራ ሙቀቶች ናቸው። ካርኖ በ1832 በ36 ዓመቱ በኮሌራ ሞተ፤ ሥራው ዋጋውን ያገኘው ከሞቱ በኋላ ነው።

በ1840 ጀርመናዊው የመርከብ ሐኪም ዩልየስ ሮበርት ማየር ጃቫ ደርሶ የባሕርተኞችን ደም ሲያወጣ የደም ሥሩ ደም ከለመደው ይልቅ ደማቅ ቀይ ሆኖ አገኘው። በሙቅ አገር ሰውነት ራሱን ለማሞቅ የሚያቃጥለው ያንሳል ብሎ አሰበ፤ ከዚያም ተነሥቶ በ1842 ሙቀትና ሥራ የአንድ ነገር ሁለት መልክ ናቸው የሚል ጽሑፍ አሳተመ። በእንግሊዝ የቢራ ጠማቂ ልጅ የሆነው ጀምስ ጁል በሚወርድ ክብደት ውሃ ውስጥ መቅዘፊያ እያዞረ የውሃውን ሙቀት ለካ፤ በዛሬው መለኪያ አንድ ግራም ውሃን በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ 4.2 ጁል ገደማ ይፈጃል። በ1847 የ25 ዓመቱ ሄርማን ሄልምሆልትስ በርሊን ውስጥ ሁሉንም አንድ አደረገው። መነሻው ዘለዓለማዊ እንቅስቃሴ አይቻልም የሚለው ነው፤ መድረሻው ኃይል ከመልክ ወደ መልክ ይለወጣል እንጂ አይፈጠርም፣ አይጠፋም የሚለው ሕግ ነው። ለዘመናት በመዶሻና በባዜቃ የባከነው ድካም መልሱን ያገኘው እዚህ ነው።

ይህ ሕግ አንዱን በር ሲዘጋ ፈላጊዎቹ ወደ ሌላው ዞሩ። ኃይል ካልተፈጠረ፣ በአየሩና በባሕሩ ውስጥ ያለውን ስፍር ቁጥር የሌለው ሙቀት ለምን አንወስድም? እንግሊዛዊው የእንስሳት ሐኪም ጆን ጋምጊ በ1881 ለአሜሪካ ባሕር ኃይል ያቀረበው ይህንኑ ነበር። አሞኒያ ከዜሮ በታች 33 ዲግሪ ላይ ስለሚፈላ በተራ አየር ሙቀት ሞተር ማንቀሳቀስ ይችላል። የባሕር ኃይሉ ዋና መሐንዲስ ሳይቀር አመነበት። የተረሳው ግን፣ ሞተሩን አንድ ጊዜ የገፋው እንፋሎት እንደገና ፈሳሽ እንዲሆን ከአካባቢው አየር እጅግ የቀዘቀዘ ሥፍራ ያስፈልገዋል፤ ያ ሥፍራ የለም፤ ልፍጠረው ቢባል ከሞተሩ የሚገኘውን ሁሉ ይበላል። የፊዚክስ ሊቃውንቱ ክላውዝየስና ኬልቪን በ1850 እና በ1851 ካርኖን ተከትለው ይህን በሁለተኛው የሙቀት ሕግ ደንግገውት ነበር። የኮረብታ ልዩነት ከሌለ ውሃ እንደማይወርድ ሁሉ፣ የሙቀት ልዩነት ከሌለ ሥራ አይገኝም።

ሕጉ ያልተፈተነ እንዳይመስል ሁለት ጭንቅ ጊዜያት መጠቀስ አለባቸው። በ1903 ፒየር ኩሪና አልበርት ላቦርድ አንድ ግራም ራዲየም በሰዓት 100 ካሎሪ ያህል ሙቀት ሳያቋርጥ እንደሚሰጥ ለኩ። ነዳጅ የለም፣ የሚቃጠል ነገር የለም፤ ነፃ ኃይል የተገኘ መሰለ። ኋላ ምንጩ የአቶሙ ማዕከል መሆኑ ታወቀ፤ ራዲየሙም ይቀንሳል፣ በ1,600 ዓመት ግማሹ ያልቃል። ሁለተኛው የባሰ ነበር። ቤታ በሚባለው ጨረር ከአቶሙ የሚወጣው ኃይል ከሂሳቡ ያንሳል። ኒልስ ቦርን የሚያክል የፊዚክስ ሊቅ ምናልባት ሕጉ እዚህ አይሠራም ይሆናል እስከ ማለት ደረሰ። ቮልፍጋንግ ፓውሊ ግን በ1930 ሕጉን ይዞ፣ የጎደለውን ኃይል ይዞ የሚሄድ ገና ያልታየ ቅንጣት አለ አለ። ያ ቅንጣት፣ ኒውትሪኖ፣ በ1956 ተገኘ። አንድን ሕግ አምኖ በዓይን ያልታየን ነገር መኖር መተንበይና ከ26 ዓመት በኋላ ማግኘት፣ ከዚህ የበለጠ ማረጋገጫ እኔ አላውቅም።

በማግኔት ይዞራል ስለሚባለውም መልሱ ከመዶሻው መንኮራኩር መልስ ጋር አንድ ነው። ቋሚ ማግኔት ሲስብ የሰጠውን ሲለቅ መልሶ ይወስዳል፤ ዙሩ ሲዘጋ ትርፍ የለም። ማግኔት ነዳጅ አይደለም። ጄኔሬተሩ ሞተሩን፣ ሞተሩ ጄኔሬተሩን ይመግባል የሚለው ደግሞ እንዲህ ነው፦ ሁለቱም ከመቶ 90 የሚሠሩ ምርጥ ዕቃዎች ቢሆኑ በአንድ ዙር ከ100 የሚቀረው 81፣ በአሥር ዙር 12 ገደማ ነው። ፕላኔቶች ፀሐይን ለቢሊዮኖች ዓመታት መዞራቸው ይህን አይጻረርም፤ እንቅስቃሴ ሊዘልቅ ይችላል። ከእንቅስቃሴው ሥራ በተቀዳ ቁጥር ግን እንቅስቃሴው ይቀንሳል።

የዘመናችንም ማሽኖች ተፈትነዋል። አሜሪካዊው ጆሴፍ ኒውማን ፓተንት ሲከለከል ተከራከረ፤ በ1986 የአገሪቱ የመለኪያዎች ቢሮ መሣሪያውን ለክቶ ከገባበት የወጣው ከ26 እስከ 67 በመቶ ብቻ መሆኑን አረጋገጠ። ደብሊን የነበረው ስቲዮርን ኩባንያ በ2006 በ«ዘ ኢኮኖሚስት» መጽሔት ማስታወቂያ አውጥቶ ሳይንቲስቶችን ፈትኑኝ አለ፤ በ2007 ለንደን ላይ ያዘጋጀው ትዕይንት ሳይሳካ ቀረ፤ በ2009 ራሱ የመረጣቸው 22 መርማሪዎች ማሽኑ ኃይል ማመንጨቱን አላሳየም ሲሉ በአንድ ድምፅ ፈረዱ። ሁሉም አጭበርባሪዎች ናቸው ለማለት አልደፍርም። ቶሎ ቶሎ የሚቆራረጥ ኤሌክትሪክን በተራ መለኪያ ሲለኩት ስሕተቱ ብዙ ነው፤ የደከመ ባትሪም ሲያርፍ ቮልቱ ተመልሶ ከፍ ይላል፤ ቅን ሰው በዚህ ሊታለል ይችላል። ገንዘቡን የሰጠው ሰው ግን በቅንም ተታለለ በተንኮል፣ ገንዘቡ ሄዷል።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ ያለ ነዳጅና ያለ ፀሐይ የሚሠራ ጄኔሬተር ልሽጥልዎ ወይም አክሲዮን ይግዙ የሚልዎ ሰው ሲገጥምዎ ቪዲዮ አይቀበሉ። ማሽኑ ተከፍቶ ውስጡ እንዲታይ፣ ከገመድና ከባትሪ ሁሉ ተለይቶ፣ እርስዎ በመረጡት ቦታና እርስዎ ባመጡት መሐንዲስ ፊት ጭነት ተሸክሞ ለሳምንታት እንዲሠራ ይጠይቁ። እምቢ ካለ ገንዘብዎን ኪስዎ ውስጥ ያቆዩት፤ ለልጅዎ የፊዚክስ መጽሐፍ ቢገዙበት የተሻለ ነው።